ጓርኒሲዮኑ ለምን ዳግመኛ ተቃጠለ?

አንድ አሮጌ የናፍጣ ላንድክሩዘር ከጉንደ ወይን ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ወደ መካነ ሰላም የሚያወጣውን ረጅም ዳገት ሊጨርስ ሲል የሙቀት መለኪያው ቀዩን መስመር አለፈ እንበል። የመኪናው ባለንብረት ከሦስት ወር በፊት «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ተብለው ሞተሩን አስከፍተዋል፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ገዝተዋል፤ የእጅ ዋጋም ከፍለዋል። አሁን ግን የራዲያተሩ ውሃ እንደገና ይጎድላል፤ ሞተሩ ጠዋት ሲነሣ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ዳገት ላይም ይፈላል። ባለንብረቱ «የተገጠመልኝ ዕቃ አስመስሎ የተሠራ ነው» ይላሉ። መካኒኩ ደግሞ «ውሃ ሳያዩ ነድተውት ነው» ሲል ይመልሳል።

እንዲህ ያለው ክርክር በብዙ ጋራዥ ደጃፍ የተለመደ ነው። የሚያስከትለው ጉዳት ግን በሁለት ሰዎች ኪስ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች አንድ አሮጌ የናፍጣ መኪና እህል ወደ ገበያ ያወርዳል፤ ማዳበሪያ ያወጣል፤ ወደ ደሴ ሪፈር የተጻፈለትን ሕመምተኛ ያደርሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወደ አገር በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የሚከለክለው ውሳኔ ይፋ ሆኗል። አሮጌውን ሞተር በሚገባ ጠግኖ ማቆየት ስለዚህ የባለንብረቱ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ጉዳይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሁለቱ ተከራካሪዎች ለአንዱ መፍረድ አይደለም። ፊዚክስና ኬሚስትሪ ስለ ጉዳዩ የሚሉትን በማስረዳት አንድ ሐሳብ ለማስጨበጥ ነው፤ ይኸውም ጓርኒሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ተጎጂ እንጂ ጥፋተኛ አለመሆኑ ነው። ያቃጠለው ምክንያት ሳይታወቅ የተለወጠ ጓርኒሲዮን የቀድሞው ጓርኒሲዮን ዕጣ ይጠብቀዋል።

ጓርኒሲዮን የሚሸከመው ጫና

«ቴስታታ» እና «ጓርኒሲዮን» የሚሉት ቃላት እንደ «ፍሬን»፣ «ፍሪሲዮን» እና «ካምቢዮ» ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው። የሞተሩ ዋና አካል ብሎክ ይባላል፤ ፒስተኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሱባቸው ሲሊንደሮች በውስጡ ይገኛሉ። በብሎኩ ላይ እንደ ክዳን የሚቀመጠው ከባድ ብረት ቴስታታ ነው። በሁለቱ መካከል የሚገባውና ውፍረቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነው ስስ ሉህ ደግሞ ጓርኒሲዮን ነው። ይህ ሉህ ሦስት የማይታረቁ ነገሮችን ለያይቶ መያዝ አለበት፤ እነሱም በሲሊንደሩ ውስጥ የሚነድደው ጋዝ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃና የሞተር ዘይት ናቸው።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በተሳካ ሁኔታ ያስነሣው ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በእሳት ብልጭታ አይደለም። አየሩን እጅግ ጨምቆ በማጋል ነው። ከዚህ የተነሣ የናፍጣ ሞተር በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ከቤንዚን ሞተር ይበልጣል። ነገሩን በቁጥር እንየው። በአገራችን በሚገባ የሚታወቀው ባለ 6 ሲሊንደር 4.2 ሊትር የላንድክሩዘር የናፍጣ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 94 ሚሊ ሜትር ነው። የክቡ ስፋተ ገጽ 69 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ነዳጁ ሲቀጣጠል የሚፈጠረው ግፊት 80 ባር ቢሆን፣ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ወደ 55,000 ኒውተን ይደርሳል። ይህም 55 ኩንታል ጤፍ ከሚኖረው ክብደት ጋር የሚመጣጠን ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1,800 ጊዜ ሲዞር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ይህ ግፊት በሰከንድ 15 ጊዜ ይደጋገማል።

ይህን ኃይል የሚቋቋመው ጓርኒሲዮኑ ራሱ አይደለም። ቴስታታውን ከብሎኩ ጋር አጥብቀው የያዙት ብሎኖች ናቸው። ጓርኒሲዮኑ ሥራውን የሚሠራው ከላይና ከታች ያሉት ሁለት ገጾች ፍጹም ሜዳ ሆነው በእኩል ኃይል ሲጫኑት ብቻ ነው። አንዱ ቦታ ከላላ ጋዙ መውጫ ያገኛል፤ መውጫ ያገኘ ጋዝም ሉሁን እንደ ችቦ ያቃጥለዋል።

የከፍታው ሒሳብ

የመካነ ሰላም ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 73 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የደጋ ሰው ውጤቱን ከጓዳው ያውቀዋል፤ የባቄላ ንፍሮ በቆላ ቶሎ ይበስላል፤ በደጋ ግን ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ምክንያቱም ውሃ የሚፈላበት ሙቀት፣ ማለትም ነጥበ ፍሌቱ፣ የአየሩን ግፊት ተከትሎ ዝቅ ስለሚል ነው። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ መካነ ሰላም ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚመጣ መንገደኛ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆኑ ቦታዎችን ያልፋል። በ3,500 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ነው።

ይህንን ቁጥር ከሞተሩ ጋር እናነጻጽረው። ውሃው ወደ ራዲያተር እንዲያልፍ የሚፈቅደው ቴርሞስታት በብዙ ሞተሮች የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ይህም ማለት የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካልቻለ፣ መካነ ሰላም ላይ በጤነኛ ሞተር የሥራ ሙቀትና በሚፈላ ውሃ መካከል ያለው ርቀት ከ3 እስከ 9 ዲግሪ ብቻ ነው። በ3,500 ሜትር ላይ ደግሞ ርቀቱ ወደ ምንም ሊቃረብ ይችላል።

የራዲያተር ክዳን ተራ መክደኛ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው በግፊት ከሚያበስል ድስት ክዳን ጋር አንድ ነው። በላዩ 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ክዳን ከውጭው አየር በ0.9 ባር የሚበልጥ ግፊት በውስጥ አፍኖ ይይዛል። መካነ ሰላም ላይ እንዲህ ያለ ክዳን በትክክል ሲሠራ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። አንድ የደከመ ስፕሪንግ ወይም የተሰነጠቀ ላስቲክ ከ20 ዲግሪ የሚበልጥ መተማመኛ ይነጥቀናል ማለት ነው። ብዙ ገንዘብ ፈሶበት ከተሠራ ሞተር ላይ አሮጌውን ክዳን መልሶ መክደን ትልቅ ስሕተት የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ውሃው በቴስታታው ውስጥ ሲፈላ በጋለው ብረትና በውሃው መካከል የእንፋሎት ሽፋን ይፈጠራል። እንፋሎት ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ያ ቦታ ከሌላው ተለይቶ ይግላል። ውሃው ጨርሶ ከጎደለ ደግሞ የሙቀት መለኪያው ጫፍ በውሃ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በእንፋሎት ውስጥ ይቀራል፤ ጠቋሚውም ሞተሩ እየነደደ ሳለ ዝቅ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። «መለኪያው ወርዶ ነበር» የሚል አሽከርካሪ ሐሰት ላይናገር ይችላል፤ የተሳሳተው መለኪያው ነው።

ዳገቱ የሚጠይቀው

ከዓባይ ሸለቆ ወደ መካነ ሰላም ለመውጣት አንድ መኪና ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ መውጣት አለበት። 3 ቶን የሚመዝን የተጫነ መኪና 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚያስፈልገው ሥራ ወደ 29 ሚሊዮን ጁል ነው። በአሮጌ የናፍጣ ሞተር ከነዳጁ ኢነርጂ በግምት አንድ ሦስተኛው ሥራ ይሠራል፤ አንድ ሦስተኛው በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ቀሪው በአብዛኛው ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ስለሆነም ራዲያተሩ በዚያ ዳገት ብቻ 29 ሚሊዮን ጁል የሚያህል ሙቀት ለአየር ማስረከብ ይኖርበታል። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2.26 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይበቃል። ሙቀቱ በሙሉ መውጫ ቢያጣ 13 ሊትር ያህል ውሃ ያተንናል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ሁኔታዎች ባልተመቹበት ስፍራ ነው። ዳገቱ የሚጀመረው በሸለቆው ሞቃት አየር ውስጥ ነው፤ የሚያልቀው ደግሞ በሳሳ አየር ላይ ነው። የሳሳ አየር በራዲያተሩ ውስጥ ሲያልፍ የሚወስደው ሙቀት አነስተኛ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በከፍታ ላይ የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ የናፍጣ ፓምፑ ለቆላ እንደተስተካከለ ከቀጠለ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ይበዛል፤ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። በአዲስ ጓርኒሲዮን የተዘጋ ሞተር በራዲያተሩ ውስጥ የቆየ ደለልና ዝገት ካለበት የመጀመሪያው ትልቅ ዳገት ፈተናውም ፍርዱም ይሆናል።

ጥገናው የሚከሽፍባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው የገጽ መጣመም ነው። አንዴ ከመጠን በላይ የጋለ ቴስታታ ሲበርድ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ላይመለስ ይችላል። በአነስተኛ የናፍጣ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም በብዙ አምራቾች መመሪያ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህም ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። በዓይን አይታይም፤ በእጅም ዳሰሳ አይታወቅም። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በገጹ ላይ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ሁለቱን አግድሞች ተከትሎ አስቀምጦ፣ በሥሩ ልዩ ልዩ ውፍረት ያላቸውን ስስ የመለኪያ ቅጠሎች በማስገባት ብቻ ይለካል። ሳይለካ የተዘጋ ቴስታታ በግምት የተዘጋ ነው።

ሁለተኛው የብረቶች አለመመሳሰል ነው። እንደ ላንድሮቨር 300 ቲዲአይ ያሉ ሞተሮች ብሎካቸው ከብረት፣ ቴስታታቸው ከአሉሚንየም የተሠራ ነው። አሉሚንየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት እጥፍ ያህል ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቴስታታ ከጠዋቱ 10 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ 0.9 ሚሊ ሜትር ያህል ሊለጠጥ ይሞክራል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ግን 0.45 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይለጠጣል። በመካከል ያለው ጓርኒሲዮን ይህን ልዩነት በየቀኑ ይታገሠዋል። ገጹ ሻካራ ሆኖ ከተሞረደ ወይም በአሸዋ ወረቀት ወጣ ገባ ሆኖ ከተፋቀ መፈጋፈጉ ጓርኒሲዮኑን ቶሎ ይበላዋል። አሉሚንየም እጅግ ከጋለ ደግሞ ጥንካሬውን ያጣል፤ የብሎኖቹ ራስ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እየሰመጠ ይላላል።

ሦስተኛው የብሎኖች ነገር ነው። ብሎን ስናጠብቅ በቁልፉ ላይ የምናሳርፈው ጉልበት በአብዛኛው የሚያልቀው በሰበቃ ነው፤ ቴስታታውን ለመጫን የሚውለው ከ10 እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው። የብሎኑ ጥርስ ዝገት ወይም ቆሻሻ ካለበት ሰበቃው በጥቂቱም ቢጨምር ያችኑ አንድ እጅ ይሻማል። ቁልፉ «በቃ፣ ጠብቋል» ይላል፤ ጓርኒሲዮኑ ግን አልተጫነም። በብሎኑ ጉድጓድ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ተጠራቅሞ ከቀረም ፈሳሽ ስለማይጨመቅ ብሎኑ ወለል ሳይነካ የጠበቀ ይመስላል፤ ብሎኩንም ሊሰነጥቅ ይችላል። ከዚህም ሌላ አንዳንድ ሞተሮች ሲጠብቁ እንዲለጠጡ ታስበው የተሠሩ ብሎኖች አሏቸው። እነዚህ አንዴ ከተለጠጡ በኋላ አምራቹ በፈቀደው መሠረት ካልሆነ ዳግመኛ አይታሰሩም። ቅደም ተከተሉም ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር፣ በተደጋጋሚ ዙር፣ በቶርክ ሬንች መሆን አለበት።

አራተኛው የውፍረት ምርጫ ነው። ለብዙ የናፍጣ ሞተሮች ጓርኒሲዮን በተለያየ ውፍረት ተሠርቶ ይሸጣል፤ ውፍረቱም በዳሩ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች፣ ጥርሶች ወይም ፊደሎች ይታወቃል። የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ ገጽ በላይ ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ ነው። የሳሳ ከሆነ ፒስተኑ ቴስታታውን ወይም ቫልቩን ሊመታ ይችላል። የወፈረ ከሆነ ደግሞ ኮምፕሬሽን ይቀንሳል። ከላይ በጠቀስነው ሞተር የኮምፕሬሽን ውድሩ 22 ለ1 ነው ብንል፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 33 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጓርኒሲዮኑ በ0.1 ሚሊ ሜትር ቢወፍር ውድሩ ወደ 21.6 ይወርዳል። ሁለት ጓርኒሲዮን ደርቦ የሚያስር ሰው ካለ ደግሞ ውድሩን ከ18 በታች ሊያወርደው ይችላል። በደጋ ብርድ ማለዳ ሞተሩ አልነሣ ማለቱ የዚህ ውጤት ነው።

አምስተኛው ስንጥቅ ነው። በተለይ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ያለው ጠባብ ብረት በሙቀት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል፤ ሲሞቅ ይከፈታል። እንዲህ ባለ ቴስታታ ላይ የሚገባ አዲስ ጓርኒሲዮን ምንም ያህል ጥራት ቢኖረው በሽታውን አያድነውም፤ በሽታው ያለው ሌላ ቦታ ነውና።

ከመክፈት በፊት መመርመር

ጥገናው ሲከሽፍ የመጀመሪያው ፈተና «እንደገና ይከፈት» የሚለውን ችኮላ መግታት ነው። ሞተሩ ሳይከፈት የሚናገራቸው ብዙ ነገሮች አሉ።

በቀዝቃዛ ሞተር የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ማስነሣትና ውሃውን ማየት አንዱ ነው። ውሃው ገና ሳይሞቅ የማያቋርጥ አረፋ ከሰጠ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ በተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከደደረም ያው ነው፤ ሙቀቱ ገና ያልፈጠረውን ግፊት የፈጠረው ጋዝ ነው። የሞቀ ራዲያተር ክዳን ግን ፈጽሞ አይከፈትም። ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ በ100 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያለው ውሃ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትንና እጅን ያቃጥላል።

ሁለተኛው የኬሚስትሪ ምርመራ ነው። በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ የሚገኘው ብሮሞታይሞል ብሉ የተባለው አመልካች ፒኤች ከ7.6 በላይ ሲሆን ሰማያዊ፣ ከ6 በታች ሲሆን ቢጫ ነው። ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር በዚህ ፈሳሽ ውስጥ እንዲያልፍ ሲደረግ፣ በውስጡ የነዳጅ ቃጠሎ ውጤት የሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለ ከውሃው ጋር ካርቦኒክ አሲድ ይፈጥርና ቀለሙን ይለውጠዋል። ይሁን እንጂ የናፍጣ ሞተር ያለ ጭነት ሲዞር ብዙ ትርፍ አየር ስለሚወስድ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አነስተኛ ነው። ስለዚህ በቆመ መኪና ላይ «ቀለሙ አልተለወጠም» ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም። ሞተሩን በጭነት አሠርቶ ምርመራውን መድገም ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የግፊት ምርመራ ነው። በቀዘቀዘ ሞተር ላይ ራዲያተሩን በእጅ ፓምፕ ክዳኑ በሚይዘው ግፊት ልክ ሞልቶ ማሳደር ነው። በማግሥቱ ግፊቱ ወርዶ ውጭ የፈሰሰ ውሃ ካልተገኘ ውሃው ወደ ውስጥ ገብቷል። ከዚያም የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ወይም ኢንጀክተሮቹ ተፈትተው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ውሃ የሚተፋው ሲሊንደር በሽተኛው ነው። ሳይፈቱ ማስነሣት ግን አደገኛ ነው፤ በሲሊንደር ውስጥ ያለ ውሃ ስለማይጨመቅ ፒስተኑን የሚገፋውን ክንድ ያጣምመዋል።

እነዚህ ምልክቶች ግን አንዳንዴ ያሳስታሉ። በደጋ ብርድ አጭር ርቀት ብቻ የሚሄድ መኪና በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ነጭ ክሬም የመሰለ ነገር ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ ከአየሩ የተጠራቀመ እርጥበት ሊሆን ይችላል። የዘይት ማያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት በሙሉ ወተት መስሎ ሲገኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሞተሩ ወዲያውኑ መቆም ይኖርበታል።

የተቃጠለው ሉህ ምስክርነት

ምርመራው መክፈትን ግድ ካደረገ፣ አሮጌውን ጓርኒሲዮን አውጥቶ መጣል ማስረጃን እንደ መጣል ይቆጠራል። ተጠርጎ፣ የትኛው ጎን ወደ ፊት እንደነበረ ምልክት ተደርጎበት መቀመጥ አለበት። በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ብቻ ተቃጥሎ ከሆነ በዚያ ቦታ ገጹ ጎድጉዶ ወይም ብሎኖቹ ላልተው እንደነበር ይጠቁማል። ከሲሊንደር ወደ ውሃ ቀዳዳ ያመራ ጥቁር መንገድ ካለበት ውሃው ይፈላ የነበረው ጋዝ ስለገባበት ነው። ሉሁ በሁሉም ቦታ ደህና ሆኖ ሳለ ውሃ ይጎድል ከነበረ ደግሞ ስንጥቅ መፈለግ ይገባል።

ለስንጥቅ ፍለጋ በአነስተኛ ጋራዥም የሚቻል አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ገጹ በሚገባ ይታጠባል፤ ነጭ ጋዝ ይቀባል፤ ጥቂት ቆይቶ ይጠረግና የጠመኔ ዱቄት ይነሰነስበታል። በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ነጭ ጋዝ ወደ ጠመኔው እየወጣ ስስ መስመር ይሥላል። ዘዴው የሚያሳየው ግን እስከ ገጽ የደረሰን ስንጥቅ ብቻ ነው። አስተማማኙ ቴስታታውን በቶርኖ ቤት ቀዳዳዎቹን ዘግቶ፣ በሙቅ ውሃ ውስጥ በአየር ግፊት መፈተን ነው።

ጊዜውም ራሱ ይናገራል። ጥገናው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከከሸፈ ጥርጣሬው ወደ አገጣጠሙ ያዘነብላል፤ የተሳሳተ ውፍረት፣ የቀረ ቆሻሻ፣ በጉድጓድ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ወይም ያልታየ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ከከሸፈ ያልተለካ መጣመም፣ የላሉ ብሎኖችና የደከመ ማቀዝቀዣ ይጠረጠራሉ። ከዓመታት በኋላ ከሆነ ግን አዲስ ጉዳት እንጂ የጥገናው መክሸፍ ላይሆን ይችላል፤ ፍተሻውም ከራዲያተሩ፣ ከውሃ ፓምፑና ከክዳኑ ይጀምራል።

መጠንቀቅ የሚገባን ሌሎች ልማዶችም አሉ። ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል በብዙዎች ዘንድ መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል፤ እሱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀርና ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይመላለሳል። በፈላ ሞተር ላይ ከወንዝ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም የጋለውን ብረት በድንገት አኮማትሮ ይሰነጥቀዋል። ቆሞ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አንድ ሰዓት ያስከፍላል፤ አለመጠበቅ ግን አንድ ቴስታታ ያስከፍላል። ጠንከር ያለ ማዕድን ያለበት ውሃ ዘወትር ሲጨመርም በውስጥ ግድግዳ ላይ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ሙቀትን ከብረት በብዙ እጥፍ ባነሰ ሁኔታ ስለሚያስተላልፍ ሞተሩን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። የተጣራ ውሃና ተመጣጣኝ ኩላንት መጠቀም የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ቀዳዳ የሚደፍኑ ዱቄቶች ደግሞ የራዲያተሩን ጠባብ ቱቦዎችም አብረው ይደፍናሉ።

ፍርዱ

አሁን ወደ ላንድክሩዘሩ እንመለስ። ተከፍቶ ሲታይ ሉሁ በሦስተኛውና በአራተኛው ሲሊንደር መካከል ተቃጥሎ፣ ቴስታታው በዚያው ቦታ 0.25 ሚሊ ሜትር ጎድጉዶ ተገኘ እንበል። የራዲያተሩም ክዳን ግፊት አልያዘም። እንግዲያው ዕቃው «አስመስሎ የተሠራ» ላይሆን ይችላል፤ አሽከርካሪውም ቸልተኛ ላይሆን ይችላል። ጥፋቱ በመጀመሪያው ጥገና ጊዜ ማንም አለመለካቱ ነው። ባለንብረቱ ወጪ ለመቀነስ «ጓርኒሲዮኑን ብቻ ለውጥ» ብለው ይሆናል፤ መካኒኩም እሺ ብሎ ይሆናል። ቴስታታውን ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ልኮ ገጹን ማስተካከልና መፈተን በመጀመሪያው ጊዜ የተቆጠበው ወጪ ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ከጓርኒሲዮን፣ ከዘይትና ከእጅ ዋጋ ጋር ተደምሮ ተከፈለ። ጉድጓዱ አምራቹ ከሚፈቅደው የመሞረድ ልክ ካለፈ ወይም ስንጥቅ ከተገኘ ደግሞ ሦስተኛ ጓርኒሲዮን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቴስታታው መለወጥ አለበት።

ስለዚህ ባለንብረት ሞተሩ ከመዘጋቱ በፊት መካኒኩን የሚጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። ቴስታታው ስንት ተለካ? ለስንጥቅ ተፈተነ? የጓርኒሲዮኑ ውፍረት በምን ተመረጠ? ክዳኑ፣ ቴርሞስታቱና ራዲያተሩስ ታዩ? መልሶቹ በወረቀት ላይ በቁጥር ቢጻፉ መካኒኩንም ባለንብረቱንም ከክርክር ያድናሉ።

በመካነ ሰላም ግቢ የሚማሩ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሆኑ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እንዲሁም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያሉ ታናናሾቻቸው በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱትን ሕጎች ሁሉ በክፍል ውስጥ ያውቋቸዋል። ግፊት በስፋተ ገጽ ሲባዛ ኃይል ይሰጣል፤ ነጥበ ፍሌት ግፊትን ይከተላል፤ ብረት በሙቀት ይለጠጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ አሲድ ይሆናል። ጋራዡ ከላቦራቶሪው የሚለየው ስሕተቱ በቀይ እስክሪብቶ የማይታረም በመሆኑ ነው። እዚያ ስሕተት የሚታረመው በዳገት መካከል፣ በቆመ መኪና፣ ምናልባትም በኋላ ወንበር ላይ በተኛ ሕመምተኛ ፊት ነው። በአንዲት ስስ ቅጠል የሚለካው 0.1 ሚሊ ሜትር ያንን ሁሉ ማስቀረት ይችላል።